ከአሥራ ሰባቱ ግቦች የጎተራው የትኛው ነው?

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ዕለት ለጠቅላላ ጉባኤው የቀረበ ንግግር





በብዙ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ግድግዳ ላይ አሥራ ሰባት ባለቀለም ሣጥኖች ያሉበት ፖስተር ተለጥፎ ይታያል። በየሣጥኑ ቁጥርና ሥዕል አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2030 እንፈጽማቸዋለን ብለው የተስማሙባቸው ዘላቂ የልማት ግቦች ናቸው። ለማዳበሪያ ተራ ሲጠብቁ የቆዩ አንድ አዛውንት አባል ፖስተሩን ትኩር ብለው ካዩት በኋላ «ከእነዚህ ውስጥ የጎተራችን የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። ባለሙያው ሁለተኛውን ሣጥን፣ እንፋሎት የሚወጣውን ጎድጓዳ ሳህን፣ አሳዩአቸው። ረሃብን ማጥፋት የሚለው ግብ ነው። አዛውንቱም «ይሄማ የተሠራ ወጥ ነው፤ የጠየቅሁህ ስለ እህሉ ነው» አሉ።

በጊዜው ሁሉም ሳቀ፤ ጥያቄው ግን መልስ ሳያገኝ ቀረ። ዛሬ እንደገና መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ለጠቅላላ ጉባኤው ከቀረቡት አጀንዳዎች አንዱ የዓመቱ ትርፍ በሙሉ ለአባላት ይከፋፈል ወይስ ከፊሉ ለእህል መጋዘንና አየር ለማያስገባ ከረጢት ግዥ ይዋል የሚለው ነው። ትርፍ ክፍፍል የአባሉ መብት ነው። ለልጅ ደብተር፣ ለመሬት ግብር፣ ለቁጠባ ተቋሙ ዕዳ የሚጠብቀው አባል ብዙ ነው። ስለሆነም ጉባኤው እጁን ከማውጣቱ በፊት፣ ይህ የመጋዘን ጉዳይ በአህጉርና በዓለም ደረጃ ምን ቦታ እንደተሰጠውና እስካሁን ምን እንደደረሰበት ማወቁ ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመሩት ስምንቱ የምዕተ ዓመቱ የልማት ግቦች ሲነደፉ የአፍሪካ ገበሬ ይቅርና የአፍሪካ መንግሥታትም የነበራቸው ድርሻ አነስተኛ ነበር። ያም ሆኖ ግቦቹ ፍሬ አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ የመቀነሱ ግብ ከጊዜ ገደቡ ቀድሞ ተሳክቷል፤ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቷል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከቤት ቤት ዞረዋል። በስምንቱ ውስጥ ያልነበረው ስለ መንገድ፣ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ፋብሪካና ስለ ማዳበሪያ የሚናገር ራሱን የቻለ ግብ ነው። የታመመ ልጅ ማዳን ተጽፎ ነበር፤ የዳነው ልጅ አድጎ በምን እንደሚተዳደር ግን በቂ ቃል አልተጻፈም።

ቀጣዩ ዕቅድ ሲዘጋጅ አፍሪካ ከሌሎች ቀድማ ተሰናዳች። የአሥር አገሮች መሪዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቁሞ በወቅቱ የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ መሩት። በጥር 2006 ዓ.ም አዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ላይም «የአፍሪካ የጋራ አቋም» የተባለው ሰነድ ጸደቀ። ሰነዱ ስድስት ምሰሶዎች አሉት። የኢኮኖሚ መዋቅራዊ ለውጥ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሰውን ማዕከል ያደረገ ልማት፣ የአካባቢና የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ፣ ሰላምና ጸጥታ፣ እንዲሁም ገንዘብና አጋርነት ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉ ራሱ መልእክት አለው። ጥሬውን እየሸጡ የተፈበረከውን መግዛት ይብቃ የሚል ነው።

መስከረም 14 ቀን 2008 ዓ.ም ኒው ዮርክ ላይ በጸደቁት 17 ግቦችና 169 ንዑስ ግቦች ውስጥ ከዚህ አቋም ብዙ ነገር ገብቷል። ዘጠነኛው ግብ ስለ መሠረተ ልማትና ኢንዱስትሪ ይናገራል። አሥራ ስድስተኛው ስለ ሰላም ነው፤ ይህ በስምንቱ የቀድሞ ግቦች ውስጥ አልነበረም። ሰላም በልማት ዕቅድ ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ መንገድ በተዘጋበት ዓመት ማዳበሪያው ጅቡቲ ወደብ ደርሶም ለዘር ሳይደርስ የቀረበትን ገበሬ ይጠይቅ።

ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንመለስ። ጎተራው በዓለም ዕቅድ ውስጥ አለ፤ ያለው ግን ሳህኑ በተሣለበት በሁለተኛው ሣጥን ሳይሆን በአሥራ ሁለተኛው ሥር፣ ንዑስ ግብ 12.3 ላይ ነው። ይህ ንዑስ ግብ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በችርቻሮ ሱቅና በተጠቃሚው ቤት የሚባክነው ምግብ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በግማሽ ይቀንስ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ በምርትና በአቅርቦት ሂደት የሚጠፋው፣ የድኅረ ምርት ብክነትን ጨምሮ፣ ይቀንስ ይላል። በስንት ይቀንስ? እሱ አልተጻፈም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። «በግማሽ» የሚለው ቁርጥ ያለ ልክ የተሰጠው ለሱቁና ለተመጋቢው ቤት ነው፤ ይኸውም ገዝቶ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ፣ ጊዜው አለፈ ብሎ ለሚጥለው ኑሮ ይበልጥ የሚስማማ ልክ ነው። ለአውድማው፣ ለጎተራውና ለአህያው ጭነት የተሰጠው «ይቀንስ» የሚል ቃል ብቻ ነው። በዚህ አካባቢ የተረፈ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፤ የሚጣል የለም። እህሉ የሚጠፋው ከምጣዱ በፊት ነው። ለሀብታም አገርና ለእርሻ አገር አንድ ዓይነት ዕቅድ ሲወጣ የመጠን ልኩ የማን ችግር ላይ እንደሚያርፍ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ይህንን ክፍተት አፍሪካ በራሷ ሞልታው ነበር። ዓለም አቀፉ ዕቅድ ከመጽደቁ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2006 ዓ.ም፣ የኅብረቱ መሪዎች በኢኳቶሪያል ጊኒ ማላቦ ከተማ ተሰብስበው እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ረሃብን ለማጥፋትና የድኅረ ምርት ብክነትን በግማሽ ለመቀነስ ቃል ገቡ። ስለዚህ ለአዛውንቱ ሊሰጥ ይገባ የነበረው መልስ «በግድግዳው ፖስተር ላይ ልኩ አልተጻፈም፤ በአፍሪካ ቃል ላይ ግን ግማሽ ተብሎ ተጽፏል» የሚል ነበር።

ብክነቱ በቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ለዚህ ጉባኤ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ቢሆንም ሒሳቡ ሲዘረዘር ሌላ መልክ አለው። አንድ አባል 20 ኩንታል በቆሎ አስገብቶ ሁለቱን ነቀዝ በላበት እንበል። ከሁለቱ ኩንታል ጋር ማዳበሪያውም፣ ምርጥ ዘሩም፣ የአረሙ ጉልበትም አብሮ ሄዷል። ሌላ ሁለት ኩንታል ደግሞ ነቀዝ እንዳይበላው ተብሎ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገበያ በሚወጣበት ወቅት፣ በወረደ ዋጋ ይሸጣል። ነቀዝ ያልነካውን እህል ጭምር ያረክሳል ማለት ነው። ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ያው ሰው ያንኑ በቆሎ ከነጋዴ በውድ ይገዛል። በሪፖርት ላይ የሚሰፍረው በነቀዝ የተበላው ኩንታል ነው፤ በፍርሃት የተሸጠው ግን የትም አይመዘገብም።

ጤፍ በዚህ በኩል የታደለ ነው፤ ነቀዝ አይደፍረውም። በቆሎ፣ ስንዴና ማሽላ ግን ጥበቃ ይፈልጋሉ።

መፍትሔው የሰማይ ያህል የራቀ አይደለም። አየር የማያስገባው ከረጢት፣ ብዙዎች ፒክስ የሚሉት፣ ሁለት የውስጥ ላስቲክና አንድ የውጭ ማዳበሪያ አለው። እህሉ ተሞልቶ እያንዳንዱ ላስቲክ ለየብቻ ተጠምዝዞ ሲታሰር፣ ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ይሞታል፤ ኬሚካል አያስፈልግም። ሁኔታው ግን አለው። እህሉ በደንብ መድረቅ አለበት። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ባይኖርም ደረቅ ጠርሙስና ደረቅ ጨው ይበቃል። ጥቂት እህል ከጨው ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሮ በደንብ መነቅነቅና ትንሽ ቆይቶ ማየት ነው። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ስለሆነ ወደ ፀሐይ ይመለስ። እርጥብ እህል ታሽጎ ከተቀመጠ ሻግቶ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ከረጢቱን መራገም ዋጋ የለውም። አይጥ የበሳው ላስቲክም ከተራ ጆንያ አይሻልም።

ከዚህ ጋር ሳይነሣ የማይታለፍ አደጋ አለ። በየገበያው የሚሸጠው የነቀዝ ክኒን፣ በኬሚካል ስሙ አልሙኒየም ፎስፋይድ፣ እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ቤተሰብ በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ ጎታ ላይ መጨመር በእህል ፈንታ ልጅን ማጣት ሊሆን ይችላል። ይህ ክኒን የሠለጠነ ሰው፣ ሰው በማያድርበት መጋዘን ውስጥ ብቻ የሚጠቀምበት ነው። መጋዘን ያስፈልጋል የሚለውን ክርክር ከሁሉም በላይ የሚያጠናክረው ምናልባት ይህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ይነገር። ጎተራውን ከፍታ የምታየው፣ የነቀዙን ዱቄት መጀመሪያ የምታገኘው እማወራዋ ናት። በድኅረ ምርት ሥልጠና ላይ የሚጠራው ግን አባወራው ነው። አበሉም ለእሱ ይከፈላል። ከዚያ ቤቱ ገብቶ «ዛሬ ስለ እህል አያያዝ ተማርን» ይላታል።

መጋዘኑ ከተሠራስ? አሠራሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 372/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። በተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ ስለሚሰጥ ብድር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ እህልም ከብትም ለብድር ዋስትና እንዲሆን ይፈቅዳል። አባሉ ታኅሣሥ ላይ አሥር ኩንታል ያስገባል፤ ደረሰኝ ይቀበላል፤ በደረሰኙ ዋስትና ለግብሩና ለማዳበሪያው የሚሆን ብድር ይወስዳል፤ እህሉ ሲሸጥ ብድሩና የመጋዘን ኪራዩ ተቀንሶ ቀሪው ይሰጠዋል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ሆኖም ዋጋ ሁልጊዜ ክረምት ላይ እንደሚወጣ ማንም ዋስትና አይሰጥም። ሌላ አካባቢ ምርት ከሞላ ወይም ከውጭ እህል ከገባ ዋጋው ባለበት ሊቀር፣ ሊወርድም ይችላል። ያኔ አባሉ ወለድና ኪራይ ከፍሎ ኪሳራ ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ እንደሆነ፣ ሚዛኑ መቼ እንደተፈተሸ፣ ኦዲቱ ስንት ዓመት እንደተቋረጠ የሚጠይቅ አባል ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንደ አፍራሽ ሊታይም አይገባም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ኦዲትን ግዴታ ያደረገው ለዚሁ ነው።

ስለ አፈር ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ደጋዎች ኮምጣጣ አፈር የሚባለውን የማያውቅ የለም። ከአገሪቱ የእርሻ መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። እንዲህ ባለው አፈር ላይ ፎስፈረስ ተይዞ ስለሚቀር ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ እግር አውጥቶ እንደሄደ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ በሄክታር 8 ኪሎ ግራም የነበረውን የማዳበሪያ ንጥረ ነገር አጠቃቀም ወደ 50 ለማድረስ ሲስማሙ ዓይናቸው የነበረው ጆንያው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ናይሮቢ ላይ ሲሰበሰቡ ግን ከተጎዳው አፈር ቢያንስ 30 በመቶውን በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲያገግም ማድረግ የሚል ጨመሩ። ከጆንያው ወደ አፈሩ መመለሳቸው ዘግይቷል፤ ቢሆንም መልካም ነው።

መድኃኒቱ ኖራ መሆኑ ይታወቃል። ችግሩ ብዛቱ ነው፤ እንደ አፈሩ ሁኔታ ለአንድ ሄክታር ሠላሳና አርባ ኩንታል ሊያስፈልግ ይችላል። ከኖራው ዋጋ ይልቅ የመኪናው ኪራይ ይከብዳል፤ ይህን ሸክም ደግሞ ብቻውን የቆመ ገበሬ አይችለውም፤ ዩኒየን ይችለዋል። የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ማንም ሳያዝዛቸው በኮምጣጣው መሬት ላይ ደከረንስ ተክለው በከሰል መኖር የጀመሩት ስንዴውና ገብሱ እምቢ ሲላቸው ነበር። ዛፉ ለብዙ ቤት ቆርቆሮ አልብሷል። በኋላ በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ ሲደርቅ፣ አንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ኑሮ ምን ያህል ሥጋት እንዳለበት ታየ። ስለዚህ የኖራው ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል።

የገንዘቡን ጉዳይ ባጭሩ። በማፑቶ፣ በ1995 ዓ.ም፣ መንግሥታት ከበጀታቸው ቢያንስ 10 በመቶውን ለግብርና ለማዋል ተስማምተዋል፤ ኢትዮጵያ ይህን ለተከታታይ ዓመታት ካሟሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። በሐምሌ 2007 ዓ.ም ደግሞ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተካሂዶ፣ የየአገሩ የውስጥ ገቢ ዋነኛ የልማት ምንጭ መሆን እንዳለበት ሰፊ ቦታ ሰጠው። የውስጥ ገቢ ማለት በዚህ አዳራሽ ቋንቋ የአባሉ ዕጣና የማኅበሩ ትርፍ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም የጎዴው የዩሪያ ፋብሪካ ስምምነት ሲፈረም የመዋቅር ለውጥ የሚባለው ነገር መልክ እየያዘ መሆኑ ታይቷል፤ የመጀመሪያው ጆንያ ከዚያ እስኪወጣ ግን ሁሉም ማዳበሪያ በባሕር ተጉዞ የሚመጣ ነው። በ2014 ዓ.ም የዩክሬን ጦርነት ዋጋውን ምን እንዳደረገው አይረሳም።

አሁን ወደ መራሩ ክፍል። አፍሪካ ለራሷ የገባችውን ቃል አልጠበቀችም። የማላቦው ስምምነት በየሁለት ዓመቱ ሲገመገም በመጀመሪያው ዙር፣ በ2010 ዓ.ም፣ ሪፖርት ካቀረቡት 47 አገሮች 20ዎቹ በመንገዱ ላይ ናቸው ተባለ። በሁለተኛው ዙር ከ49ኙ አራት ብቻ ቀሩ። በሦስተኛው ሩዋንዳ ብቻዋን ቆመች። በአራተኛው ዙር፣ በ2016 ዓ.ም፣ አንድም አልተገኘም። መለኪያው በየዙሩ ከፍ እያለ መሄዱ እውነት ነው፤ ኮቪድም፣ አንበጣም፣ ጦርነትም መጥተዋል። እነዚህ ሁሉ ተቆጥረውም ቃሉ አልተፈጸመም። እ.ኤ.አ. 2025 ሲያልቅ «በግማሽ» የተባለው ብክነት በግማሽ ሳይቀንስ የጊዜ ገደቡ አለፈ። በጥር 2017 ዓ.ም ካምፓላ ላይ የጸደቀው አዲስ ዕቅድ ያንኑ «በግማሽ» የሚለውን ይዞ ገደቡን ወደ 2035 አሻግሮታል።

ለምን ሆነ ቢባል አንዱ ምክንያት ከዚህ አዳራሽ የራቀ አይደለም። በየወረዳው ሪፖርት ላይ ስለ ድኅረ ምርት የሚጻፈው ስንት አርሶ አደር እንደሠለጠነ፣ ስንት ከረጢት እንደተሠራጨ ነው። ስንት ኩንታል እንደተረፈ የሚል ዓምድ የለም። ያልተለካ ነገር በግማሽ መቀነሱን ማን ያውቃል? ለክቡራን አመራሮች በአክብሮት የሚቀርበው ጥያቄም ይኸው ነው፦ በሚቀጥለው ዓመት ቅጽ ላይ ያቺ አንዲት ዓምድ ትጨመር። የሠለጠነ ሰው ብዛት ለስብሰባ ይመቻል፤ ነቀዝ ግን የሥልጠና የምስክር ወረቀት አይቶ አይመለስም።

ለጉባኤው የቀረበው ሐሳብም ከትርፉ ከፊሉን በሁለት ቀበሌዎች ለሙከራ መጋዘንና ፈቃደኛ ለሆኑ አባላት ከረጢት እንዲውል የሚጠይቅ ነው፤ ቀሪው እንደ ወትሮው ይከፋፈላል። ሐሳቡ ከጸደቀ እህሉ ታኅሣሥ ላይ በአባሉና በባለቤቱ ፊት ይመዘናል፤ እርጥበቱ ይታያል፤ ልኩ በደረሰኙ ላይ ይሰፍራል። ሐምሌ ላይ ሲወጣ እዚያው ሚዛን ላይ እንደገና ይወጣል። ከረጢት ወስዶ በቤቱ ያስቀመጠም፣ በድሮው ጎተራ የቀጠለም፣ ፈቃዱ ከሆነ በተመሳሳይ ቀን ያስመዝናል። የሦስቱም ልዩነት በኪሎ ተጽፎ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከባለቀለሙ ፖስተር ጎን ቦታ አለ።